ሦስት ጊዜ ኦዲ

ሉዋንሽያ፣ ማርች 4

ለእህቴ ልጅ ለንካንዱ፣

ሰላምታውን ቆይተሽ ታገኚዋለሽ፤ መጀመሪያ ስለ ፕላስተሩ እንነጋገር። ፖስታ ነው የላክሽልኝ ወይስ የሚያፈስ የውኃ ቧንቧ? ዙሪያውን አራት ጊዜ ጠቅልለሽ፣ ማዕዘኖቹን ደግመሽ፣ ስሜ ላይ ሳይቀር ለጥፈሽበታል። በጥርሴ ሞከርኩ። በመፍቻ ሞከርኩ። የሙታሌ እናት የዓሣ ቢላዋዋን አልሰጥም አለችኝ። ሚስቴ ናት፣ ግን ቢላዋዋን የምታገባ ብትሆን እሱን ታገባ ነበር። በመጨረሻ በጉልበት ስጎትተው ደብዳቤሽም አብሮ ተቀደደ፤ የተቀደደውም ልክ ስለ ቃሌ የጻፍሽበት መስመር ላይ! "ኦዲ ዝርዝሩ ውስጥ ገብታለች፣ ያስገባት ግን…" ይልና ቀሪው ፕላስተሩ ላይ ቀርቷል። ቁራጩን በመስኮት ብርሃን ሳየው "ጄሬ" የሚል ስም ይታየኛል። ዓይኔ ነው? ዓይኔ መሆን አለበት። ቁራጩን ወርውሬዋለሁ።

እሺ፣ አሁን ሰላምታው። እንዴት ነሽ? ሉሳካስ? ጉልበቴን ለጠየቅሽው፣ ደኅና ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ከሬዲዮው ቀድሞ ይነግረኛል። ለምን በስልክ አይጽፉልኝም ላልሽው ደግሞ፣ በማሽን ስጽፍ ገና "ውድ" ከማለቴ የቀረውን እሱ ይጨርስልኛል። ለእህቴ ልጅ የማቀርበውን ሰላምታ ማሽን እንዲገምትልኝ አልፈልግም። ስለዚህ በብዕሬ ጽፌ ለአውቶቡሱ ረዳት እሰጠዋለሁ። ያኛው ረዳት ቢያንስ የሰው ፖስታ አይከፍትም።

ስለ ሌላኛው ረዳት፣ ማሽኑ ውስጥ ስላለው ኮድ ጻፊ፣ ማስታወስ አያስፈልግሽም ይሆናል፤ እኔን ግን ማስታወስ ያምረኛል። በኖቬምበር የሰፈራችን ሬዲዮ ጣቢያ የማስታወቂያ ሰዓት የሚደለድለውን ፕሮግራሜን ሰጠሁት። ያልኩት አንድ ነገር ነው፤ "እዚህ መስመር ላይ የፊደል ስህተት አለ፣ አርምልኝ።" አረመ። አርሞ ግን አልወጣም። ሳሎን ገባ፣ መኝታ ቤት ገባ፣ ድስት ከፈተ፤ የፋይሎቼን ስም ሁሉ "አሳመርኩልህ" ብሎ ቀያየረው። በማግስቱ የሙሶንዳ ልጅ ሰርግ በቀብር ሰዓት ተነበበ፣ ከኋላው የኀዘን መዝሙር እየተዘመረ። ሰዉ እንባውን እየጠረገ ሰርግ ቤት ደረሰ። ያን ቀን ነው "አንተ ባለጌ፣ ምናለ ኦዲ ብትል!" ብዬ ማሽኑ ላይ የጮህኩት። ሲበርድልኝ መመሪያው ላይ ጻፍኩለት፦ ኦዲ ማለት፣ ካዘዝኩህ ክፍል ውጭ ከመርገጥህ በፊት እንደማንኛውም የሰው ልጅ ደጅ ላይ ቆመህ ተጣራ፤ "ካሊቡ፣ ግባ" እስክልህ ጠብቅ። ሰማኝ። ከዚያ ወዲህ ፈቃድ ሳይጠይቅ አንዲት ነጠላ ሰረዝ አይነካም።

ይህንን ለማን ነገርኩ? ላንቺ ብቻ። አንቺም "ይህቺ ቃል የጋራ ዝርዝራችን ውስጥ መግባት አለባት" አልሽኝ። በየአገሩ ያሉ ሰዎች ለረዳቶቻቸው ረጅም ልመና መጻፍ ሰልችቷቸው፣ አንድ ቃል ለአንድ ትእዛዝ እያሉ የሚያዋጡበት ዝርዝር እንደሆነ፣ ቃሏ አንዴ ከገባች ረዳቱ የትም አገር ለዚያችው ትርጉም እንደሚታዘዝ አስረዳሽኝ። እኔም አንድ ቃል ለዓለም አዋጣሁ ብዬ ሳምንቱን ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ። የሙታሌ እናት "ሸሚዝህ ጠበበህ እንዴ?" እስክትለኝ ድረስ።

እና ንገሪኝ፣ ጄሬ ማነው? ስሙ የንጎኒ ጎሳ ነው። ከምሥራቅ፣ ከቺፓታ? አይጥ ጠብሶ የሚበላ ሰው ቃሌ አጠገብ ምን ይሠራል?

እየጠየቅሁሽ እንጂ እየተቆጣሁ አይደለም።

አጎትሽ ሳምፓ


ሉሳካ፣ ማርች 9

የተከበሩ አጎቴ፣

እንደምን አሉልኝ? የሙታሌ እናትስ? በፕላስተሩ ይቅርታ፤ ግን ባለፈው ዓመት ፖስታው ውስጥ ዝናብ ገብቶ "ደብዳቤሽ የንሺማ ገንፎ ሆኖ ደረሰኝ፣ ወጥ ብቻ ጎደለው" ያሉኝ እርስዎ ነዎት።

ዓይንዎ ደኅና ነው። ያነበቡት ጄሬ ነው። ማዳሊትሶ ጄሬ፣ አብሮኝ የሚሠራ፤ አዎ ንጎኒ፣ አዎ ቺፓታ። ቃልዎን ግን አልሰረቀም። አካውንት ይክፈቱ ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኩዎ? "የልደት ቀኔ በእኔና በእግዚአብሔር መካከል ነው" አሉኝ። ዝርዝሩ ደግሞ ስም ካላስመዘገበ ሰው አይቀበልም። ስብሰባ ላይ የሰርጉን ታሪክ ስናገር ሰው ሁሉ በሳቅ ሞተ፤ ጄሬ ብቻ አልሳቀም፣ እየጻፈ ነበር። በማግስቱ ጄሬ ቃሏን አብራርቶ፣ ሠላሳ ዓይነት ሥራ ላይ ፈትኗት አስገባት። ቅጹ ላይ ያለው የስም ቦታ አንድ ብቻ ነው። ሆኖም ጄሬ ማብራሪያው ሥር "ሐሳቡ የተገኘው ከሉዋንሽያ ከአንድ አዛውንት ነው" ብሎ ጽፏል።

ጄሬ የላከብዎት መልእክትም አለ። ቃል በቃል ነው፣ እኔን እንዳይቆጡ፦ "ለዚያ ዝንጀሮ በሊታ አጎትሽ ንገሪልኝ፤ ቃላቸውን ወስጃለሁ። ንጎኒና የሳቸው ጎሳ ቤምባ በቀልድ የሚሰዳደቡ የቀልድ ዘመድ ናቸው፤ የቀልድ ዘመድ ዕቃ ሲወስድ መቆጣት ነውር መሆኑን እሳቸው ይጠፋቸዋል? ከከፋቸው ቺፓታ መጥተው የአባቴን በሬ ይንዱ።"

ጄሬን ቢያገኙት ይወዱታል፣ አጎቴ።

ስለ ጻፍኩልዎ ስለ ሌላው ጉዳይ ግን አንዲት ቃል አልመለሱልኝም። ተቆጥተው ነው?

ልጅዎ ንካንዱ


ሉዋንሽያ፣ ማርች 15

ለተወደድሽው፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ ለትርጉሙ፣ አንዴ ለቆጠራ። "ጄሬ" ሰባት ጊዜ። "ሳምፓ" አንድ ጊዜ፣ እሱም ፖስታው ላይ፣ ያለዚያ አይደርስማ።

አዛውንት! ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ባለፈው ሳምንት ጣሪያ ላይ ወጥቼ አንቴና ተክያለሁ። መውረዱ ነው ትንሽ የቆየው።

ሌላው ጉዳይ ምንድነው? እኔ የደረሰኝ ስለ ዝርዝሩ፣ ስለ ኑሮ መወደድና ስለ ጉልበቴ ነው። የቀረውን ፕላስተሩ በልቶት ይሆናል። ወሬ ካለሽ ንገሪኝ፤ ጄሬ የሌለበት ከሆነ ደግሞ ቶሎ ንገሪኝ።

ሠላሳ ጊዜ ፈተናት አልሽኝ። ደግ። እኔ ደግሞ አንቺን ስንት ጊዜ እንደፈተንኩ አስታውሺ። እናትሽ፣ ነፍሷን ይማራት፣ እጄ ላይ ጥላሽ ስትሄድ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። ሬዲዮ ከምጠግንበት ጠረጴዛ ጥግ አስቀመጥኩሽ። የመጀመሪያው ኪቦርድሽ "ኤ" የምትባለው ቁልፍ ወልቃ የጥርስ ሳሙና ክዳን ለጥፌበት ነበር። እኔ መጽሐፉን ማታ አንብቤ ጠዋት አስተምርሽ ነበር፤ አንድ ገጽ ብቻ እንደምቀድምሽ አታውቂም ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ኮድሽ በተበላሸ ቁጥር የምትጠሪው እኔን ነበር። አሁን ማሽኑ ይመልስልሻል፤ ማሽኑ ያቃተውን ደግሞ… ስምንተኛውን አልጽፈውም።

ለማንኛውም ገብቼ የጻፈውን አነበብኩት። እንግሊዝኛዬ አይበቃውም እንዳትዪኝ፣ ሰውዬው ያማረ አድርጎ ነው የጻፈው። እስከ አራተኛው መስመር። አራተኛው መስመር እንዲህ ይላል፦ "ሦስት ጊዜ ጠይቅ፤ መልስ ካላገኘህ ቀጥል።"

ቀጥል!

ንካንዱ፣ በየትኛው አገር ነው ሦስት ጊዜ ኦዲ ብለሽ ዝም ሲሉሽ በሩን ገፍተሽ የምትገቢው? አንዴ ትያለሽ፤ ሰው ልብሱን ይፈልግ ይሆናል። ሁለቴ ትያለሽ፤ እየተጣላ ይሆናል። ሦስቴ ብለሽ ዝም ካሉሽ መንገድሽን ይዘሽ ትመለሻለሽ። ያ ዝምታ መልስ ነው፤ መልሱም እንቢ ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። ንጎኒ ግን ምን ያድርግ? ቅድመ አያቶቹ ከደቡብ ጦር ይዘው ሲመጡ አንድም ደጅ ላይ ኦዲ ያሉ አይመስለኝም። ዝም ያለ ቤት ለነሱ የተከፈተ ቤት ነው።

እና አካውንት ከፍቻለሁ። የልደት ቀኔን ዋሽቻለሁ። አሁን አርባ አራት ዓመቴ ነው።

ወጣቱ አጎትሽ ሳምፓ


ሉዋንሽያ፣ ማርች 23

ንካንዱ፣

አንደኛ፣ አልቀናሁም። ባለፈው ደብዳቤሽ በእንዲህ ያለ ትልቅ ፊደል ብትጠይቂኝም አልቀናሁም። ጉልበቴ ነው፤ ሲያመኝ ፊቴ እንደዚያ ይሆናል፣ ጽሑፌም እንደ ፊቴ።

ሁለተኛ፣ አዎ፣ ዝርዝሩ ላይ ያለውን ተቃውሞ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ገጽ መሆኑም እውነት ነው። ልናገር የፈለግኩት ግማሽ ገጽ ነበር፤ ረዳቱን "አሳምርልኝ" ብለው አሳመረው፣ "አጠንክርልኝ" ብለው አጠነከረው። ስለ አይጥ ያለውን ምዕራፍ ግን የጻፍኩት ራሴ ነኝ፤ በሰው እጅ አላሳብብም። ከነምግቡ አዘገጃጀት ነው የጻፍኩት።

ሦስተኛ፣ አዎ፣ ዘጉት። አንዲት የአክራ ሴት፣ ተቆጣጣሪ ነኝ የምትል፣ "ክቡር ሆይ፣ ስለ አስተዋጽኦዎ እናመሰግናለን፤ አይጦቹ ከትእዛዙ ጋር ያላቸውን ግንኙነት ግን ልንረዳው አልቻልንም" ብላ ጻፈችልኝ። ለሙታሌ እናት ሳነብላት ማንኪያዋ ከእጇ ወድቆ ቁጭ ብላ ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ እንደገና አንብብልኝ አለችኝ።

የጎዳኝ ግን የሴትዮዋ አይደለም። ያንቺ ሰው ከሥሩ ገብቶ መጻፉ ነው። "የቀልድ ዘመዴ ናቸው፣ እንደዚህ መጻፍ መብታቸው ነው፤ እባካችሁ አትዝጉባቸው" አለ። ማን ተከራከርልኝ አለው? ሰው ሲሰድብሽ መልስ አለው። ጠበቃ ሲሆንሽ ምን ትመልሺለታለሽ? ሁለት ቀን ምግብ አልበላ አለኝ፤ ካፔንታ ዓሣ እንኳ፣ በቲማቲም የተሠራ።

እንዲህ በይልኝ፦ ቃሌን ወስደሃል፣ ጠበቃዬም ሆነሃል፣ ሰባት ጊዜም ተጠርተሃል። አንድ ነገር ግን አትወስድም። እኛ ዘንድ ሴት ልጅ የምትቆጠረው ለእናቷ ወንድም ነው። ነገ ማንም ይሁን ማን ንካንዱን ላግባ ቢል፣ የአማላጁ ሁለት ሳህን በነጭ ጨርቅ ታስሮ የሚመጣው ወደኔ ደጅ ነው፤ ተቀብዬ የምፈታውም፣ እሺ የምለውም እኔ ነኝ። እስቲ ይህንን ደግሞ ቅጽ ሞልቶ ይውሰደው።

ይህንን ለሙታሌ እናት ባነብላት ሳቋን ትታ ወደ ውጭ ወጣች። ሴት ጥሩ ንግግር ሲገባት እንዲህ ነው።

ያልተዘጋው አጎትሽ ሳምፓ


ሉሳካ፣ ማርች 29

አጎቴ፣

ሰላምታ ሳላቀርብ ብጀምር ይቅር ይበሉኝ፤ ተቆጥቻለሁ።

ዝርዝሩ ኤፕሪል 11 ይዘጋል። እስከዚያ ትርጉሙ ላይ ስምምነት የሌለው ቃል ይወጣል፤ ሕጉ ነው። አሁን ኦዲ ሥር አንድ የጄሬ ትርጉም፣ አንድ የእርስዎ ተቃውሞ፣ አርባ ሦስት የማያውቋችሁ ሰዎች ቀልድ አለ። ግማሹ ስለ አይጥ ነው። ከብራዚል አንድ ሰው የራሱን አገር አዘገጃጀት ልኳል። እንዲህ ከቀጠለ ኦዲ ትሰረዛለች። የጄሬም አትሆንም፣ የእርስዎም አትሆንም።

እኔን ጠይቀውኝ ያውቃሉ? ያችን ቃል ስብሰባው ላይ ቆሜ የተናገርኩት እኔ ነኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ እርስዎ ለሰው የተናገርኩት ያን ቀን ነው። ሌሎቹ በየትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደተማሩ ሲያወሩ፣ እኔ "አጎቴ ጠረጴዛ ጥግ" አልኩ። ጄሬ ያልሳቀው ለዚህ ነው። አንድ ገጽ እየቀደሙ ያስተማሩኝ መሆኑን ደግሞ ያን ጊዜም አውቅ ነበር። መጽሐፉ ላይ የሻይ ብርጭቆዎ ክብ በየሌሊቱ አንድ ገጽ ወደ ፊት ይሄድ ነበር።

አንድ ነገር ልንገርዎ፣ እንደነገርኩዎ ግን አይንገሩት። ባለፈው ማክሰኞ ጄሬ ረዳቱን ሥራ አዝዞ ምሳ ወጣ። ረዳቱ ኦዲ አለ። ኦዲ አለ። ኦዲ አለ። ጄሬ ሦስተኛውን ሳህን እየበላ ነበር። ሲመለስ የሁለት ሳምንት ሥራው "ተስተካክሎ" ጠበቀው። ከዚያ "ዝንጀሮ በሊታው እውነታቸውን ነው" አለና አራተኛውን መስመር ሰረዘው። አዲሱን ግን አልጻፈም። ባዶ ትቶታል። "የባለቤቱ እጅ ይጻፈው" አለኝ።

አንድ መስመር ብቻ ይላኩ። አንድ። ለረዳቱ ሳይሰጡት፣ ያለ አይጥ።

ስለ ሌላው ጉዳይ አሁን አልጨነቅም። የሙታሌ እናት ጽፋልኛለች። "እሱን ለእኔ ተዪው" ብላኛለች። እሑድ እሑድ ቤት ይሆናሉ ወይ?

ንካንዱ


ሉዋንሽያ፣ ኤፕሪል 3

ንካንዱ፣

እሑድ ቤት እሆናለሁ። ሌላ ወዴት እሄዳለሁ? ምነው፣ ልትመጪ ነው? ብትመጪ ቀድመሽ ንገሪኝ፤ የሙታሌ እናት ከወዲሁ ግቢውን ስትጠርግ ሰንብታለች። የደጁን በር እንኳ ቀለም ቀባችው። "ምን ተገኘ?" ብላት "በር ቀለም አይቀባም?" ትለኛለች። ሠላሳ ዓመት ሳይቀባ ኖሮ!

ስለ መጽሐፉ ክብ ባትነግሪኝ ይሻል ነበር። እኔ ስንት ዓመት ሊቅ መስዬ ስኖር።

የሰውዬውን የሁለት ሳምንት ሥራ ነገር ስሰማ አልሳቅኩም። (ትንሽ ስቄያለሁ። ሦስተኛው ሳህን ላይ።) እኔ ብሆን ስህተቴን እንዲህ ቶሎ የምሰርዝ አይመስለኝም፤ በረዳቱ፣ በመብራቱ፣ በምሳው ነበር የማሳብበው። ይህም አበሳጨኝ። የምቀናበት ሰው ከነጥፋቱ ከኔ ሲሻል ምን ይባላል? አዎ፣ የምቀናበት ብያለሁ። ብዕር ነው፣ ማጥፊያ የለውም።

መስመሩ ይኸውልሽ። አሥራ ስድስት ጊዜ ጽፌ አሥራ አምስቱን ቀድጃለሁ፦

"ኦዲ፦ ባልተፈቀደልህ ክፍል ደጃፍ ቆመህ ጠይቅ። ሦስት ጊዜ ጠይቀህ ዝም ከተባልክ ተመለስ። ዝምታ እሺ አይደለም፤ እሺ የሚባለው በአፍ ነው።"

አንድ መስመር ብለሽ ነበር። እኔ ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው የጻፍኩት። ለቀልድ ዘመድ ሁሉም ነገር እንደጠየቀው አይደረግለትም።

ሳምፓ


ሉዋንሽያ፣ እሑድ ኤፕሪል 12፣ ከምሳ በፊት

ንካንዱ፣

ትናንት ዝርዝሩ ተዘጋ። ዛሬ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ኮቴን ሳላወልቅ ከፍቼ አየሁት። ኦዲ አለች። ሦስቱም ዓረፍተ ነገሮቼ አሉ፤ አንዲት ነጥብ አልተነካችም። ከሥሯ "ሳምፓ ካቶንጎ፣ ሉዋንሽያ" ይላል። አዛውንት የለም። ከስሜ በታች፣ በትናንሽ ፊደል፣ "አስገቢ፦ ማ. ጄሬ"። የስም ቦታው አንድ ብቻ ነው አላልሽኝም ነበር? ቅጹን አስለውጦ ነው አሉኝ፤ የአክራዋ ሴትዮ ጽፋልኛለች። ለሌሎቹም ቃሎች ሁሉ አሁን ሁለት ቦታ አለ፤ አንዱ ቃሏን ላመጣት፣ አንዱ ለጻፋት።

ለምንድነው ይህ ሰው እንዲህ ጨዋ የሆነው? ሌባ ቢሆንልኝ ምን ነበረበት? ሌባን እጮህበታለሁ። የወሰደውን ከነወለዱ የሚመልስ ሰው ላይ ግን በምን አፌ ልጩህ?

እውነቱን ልንገርሽ፤ የሙታሌ እናት ጓዳ ስለሆነች አትሰማኝም። የቀናሁት በቃሏ አይደለም። ቃል ሞልቷል፤ ከፈለግሽ ነገ ሌላ አወጣልሻለሁ። የቀናሁት ስትደውዪ የሚያነሳው ሌላ ሰው በመሆኑ ነው። ጉልበቴ ነው ስልሽ ጉልበቴ አልነበረም። ሱቁ ውስጥ ያቺ ኪቦርድ አሁንም አለች፤ አቧራዋን እጠርጋለሁ፤ የሳሙናው ክዳን እንዳይወልቅ ባለፈው ሳምንት ደግሜ ማጣበቂያ አደረግሁበት። ለማን እንደሆነ አላውቅም። እንዲህ ያለውን ነገር እንግዲህ

ቆይ። ደጅ ላይ ሰው አለ።

"ኦዲ!" ይላል።

በመስኮት አየሁት። አንድ ሽማግሌ ነው፣ በዚህ ሙቀት ጥቁር ኮት የለበሰ። አላውቀውም። አቋሙ የዚህ አገር አይደለም፣ የምሥራቅ ሰው ነው። በሁለት እጁ አንድ ነገር ይዟል። ምግብ መሰለኝ። ምግብ ግን በነጭ ጨርቅ አይታሰርም፤ ሳህን ላይ ሳህን አይደፋበትም።

የሙታሌ እናት ከጓዳ ወጣች። አዲሱን ልብሷን ለብሳለች። መች ለበሰችው?

"አትመልስለትም?" አለችኝ በሹክሹክታ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?"

"ከፕላስተሩ ጀምሮ። የወረወርካትን ቁራጭ አንስቼ ገለበጥኳት። አንተ ከፊት ያለው ስም ላይ ስታፈጥ፣ ከኋላዋ 'ሽማግሌ ሊልክ ፈቃድዎን ይጠይቃል' ይል ነበር። ወረቀት ሁለት ፊት አለው፣ የእኔ ሊቅ።"

ይኸው ወር አለፈው። እኔ ዘጠኝ ገጽ ስለ አይጥ ስጽፍ፣ እናንተ በር ትቀባላችሁ። ሳህኑን ቅጽ ሞልቶ ይውሰደው ብዬ የጻፍኩልሽን ሳስበው ጆሮዬ ይግላል። ለሱም አንብበሽለታል፣ አይደል? ስቆ ሞቷል፣ አይደል?

"ኦዲ!"

ሁለተኛው ነው። ድምፁ አልተቆጣም። የሰለጠነ ሽማግሌ ነው፤ ከደጃፉ አንድ ጫማ አላለፈም፤ ጫፉ ላይ ቆሞ ወደ ዛፉ ነው የሚያየው፣ ወደ ውስጥ እንኳ አያይም።

"ምን እየጻፍክ ነው አንተ ሰውዬ?" ትለኛለች የሙታሌ እናት። "ሊሄድ ነው!"

"ልጄን ሊወስድ የመጣን ሰው ትንሽ ባቆመው ምን አለበት?"

"ሦስተኛውን ካለና ዝም ካልክ ተመልሶ አይመጣም። ራስህ ነህ የጻፍከው።"

እውነቷን ነው፣ ንካንዱ፤ የሚያቃጥለኝም ይህ ነው። ያንን አራተኛ መስመር ለምን ነካሁት? በጄሬ ትርጉም ቢሆን ኖሮ ዝም ብዬ እዚህ ወንበር ላይ እቀመጥ ነበር። ሦስቴ ይላል፣ መልስ ያጣል፣ ራሱ በሩን ገፍቶ ይገባል፤ እኔም ዕድሜ ልኬን "እኔ አላስገባሁትም፣ ራሱ ነው የገባው" እያልኩ ሳኮርፍ እኖር ነበር። ቅናቴም በክብር ይኖር ነበር። አሁን ግን ዝምታ እሺ አይደለም ብዬ በስንት አገር ለስንት ማሽን አስተማርኩ። እሺ የሚባለው በአፍ ነው አልኩ። በገዛ አፌ።

ብዕሬን

"ኦዲ!"

ካሊቡ ብዬዋለሁ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ቺፓታ ድረስ ተሰምቷል። ሳህኑን ልፈታ ልነሳ ነው፤ ትንሽ ብዘገይ ጉልበቴ ነው።